በሰው ስም የሚጠራ ባስ

በአንድ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ስሙ መጨረሻ ላይ የሚጠራው፣ አንዳንዴም ከነአካቴው የሚዘነጋው፣ የባስ ጊታር ተጫዋቹ ነው። ሠርገኛው ዘፋኙን ያወድሳል፤ ሳክስፎን ነፊውን ይሸልማል፤ እግሩን ያንቀሳቀሰው ግን ከኋላ በኩል የቆመው ሰው መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው። ስለዚህም የመሣሪያ ፋብሪካዎች በአንድ የባስ ተጫዋች ስም የተሰየመ ጊታር ሠርተው ለገበያ ማቅረባቸው በመጀመሪያ ሲታይ ለተረሳው ባለሙያ የተከፈለ ካሳ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ከገዢው ወገን ሲመረመር አንድ ጥያቄ ያስነሣል። በሰው ስም የተሰየመ ጊታር የገዛ ሙዚቀኛ የገዛው ምንድን ነው? ድምፁን ነው ወይስ ስሙን?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መፈተኛ የሚሆነው በአሜሪካዊው ማርከስ ሚለር ስም የተሠራው ባስ ነው። መነሻው ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ ያዋለው ጃዝ ባስ የተባለው ሞዴል ነው። ሚለር በእጁ የነበረውን የ1977 ሥሪት ጃዝ ባስ ፋብሪካው እንደሰጠው አልተወውም። ሮጀር ሳዶውስኪ ለተባለ የኒው ዮርክ ጊታር ሠሪ ሰጥቶ በውስጡ በባትሪ የሚሠራ የድምፅ ማጉያ፣ ማለትም ፕሪአምፕ፣ አስገባበት። ከማይልስ ዴቪስ ጋር የሠራባቸው ዓመታትና ክሩን በአውራ ጣት እየመታ፣ በሌባ ጣት እየሳበ የሚጫወትበት ስላፕ የተባለው ስልት ያንን ድምፅ በዓለም አሳወቁት። ፌንደር በ1998 በጃፓን ያሠራውን የሚለር ሞዴል ሲያወጣ የተለወጠውን ጊታር እንደገና አምርቶ መሸጡ ነበር። ሚለር ራሱ በ2015 ሳየር ከተባለ ድርጅት ጋር ተዋውሎ በዋጋ እጅግ ዝቅ ያለ ሌላ ሞዴል በስሙ አስወጣ። ስሙ አንድ ሲሆን ጊታሮቹ ግን ሁለት ሆኑ።

የጃኮ ፓስቶሪየስም ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። ጃኮ የ1962 ሥሪት ጃዝ ባሱን ፍሬቶች ነቅሎ ክፍተቶቹን ደፈነ፤ የአንገቱን ፊት ለጀልባ በሚያገለግል ጠንካራ ሙጫ ቀባው። እንደ ሰው ድምፅ የሚያለቅሰው ዜማው ከዚያ ወጣ። እርሱ በ1987 ካረፈ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ ፌንደር በስሙ ሞዴል አወጣ።

ከሁለቱ ታሪኮች የሚወጣው ቁም ነገር ግልጽ ነው። በስም የሚጠራው መሣሪያ የተወለደው ባለቤቱ የፋብሪካውን ሥራ በቃኝ ብሎ ባለመቀበሉ ነው። ፋብሪካው ደግሞ ያንን እምቢታ አሽጎ፣ ዋጋ ተምኖ፣ እንዳለቀ ዕቃ ይሸጠዋል። ገዢው ያለቀ ዕቃ ነው ብሎ ከተቀበለው ስሙን አገኘ እንጂ ትምህርቱን አላገኘም።

የባለቤቶቹ አስተያየትም ሲመረመር ይህንኑ ያጸናል። ጊታሩን የሚያመሰግኑት ስለ ድምፁ ጥራት ይናገራሉ። በስላፕ ሲመታ እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ይሰማል፤ የሜፕል እንጨት አንገቱም ለጣት ይመቻል ይላሉ። የሚነቅፉት አካሉ የተሠራበት አሽ የተባለው እንጨት ከ4 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ትከሻ እንደሚያደክም፣ ቀጭኑ ድምፅ ሲበዛ ጆሮ እንደሚወጋ፣ ባትሪው ሲደክምም ድምፁ መሰባበር እንደሚጀምር ያነሣሉ። ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ግን ለረዥም ጊዜ የያዙት ሰዎች ቃል ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ፕሪአምፑን በማጥፊያው ዘግተው ይጫወታሉ፤ ወይም ክሩን ለስላሳ በሆነው ዓይነት ለውጠውታል፤ ወይም የቀጭኑን ድምፅ መቆጣጠሪያ ዝቅ አድርገው ትተውታል። የረኩት ባለቤቶች የሚለርን ድምፅ ያገኙት ሳይሆኑ የሚለርን ድምፅ የተዉት ናቸው ማለት ነው።

ይህ ነገር በሶባ ሲታሰብ ይበልጥ ይጎላል። ከጣና ወርዶ በአጠገቧ የሚያልፈው ዓባይ ያውቃታል፤ የጥንቱ የአልዋ መንግሥት መናገሻ ነበረች። በካርቱም ደቡባዊ ዳርቻ እንዳለችው እንዲህ ባለች ሰፈር የሠርግ ድግስ በጄኔሬተር መብራት መካሄዱ እንግዳ ነገር አይደለም። የጃዝ ባስ ሁለቱ ፒክአፖች ነጠላ ጥቅል ስለሆኑ በአካባቢው ያለውን የኤሌክትሪክ ንዝረት ይለቅማሉ። በሱዳን የመብራቱ ድግግሞሽ በሴኮንድ 50 ነው፤ የባሱ ወፍራም ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ የሚያወጣው ኖታ ደግሞ 49 ነው። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ያልተጠራ ሁለተኛ የባስ ተጫዋች ሆኖ በዜማው ውስጥ ይገባል። መፍትሔው የሚያስወጣው ገንዘብ የለም። ሁለቱ ፒክአፖች ተቃራኒ ሆነው ስለተጠቀለሉ የሁለቱም ድምፅ እኩል ሲከፈት ጉርምርምታው ይሻራል። ግን አንዱን ብቻ ከፍቶ የዝነኛውን ሰው ድምፅ ለማግኘት የሚጥር ተጫዋች ጉርምርምታውን አብሮ ይጋብዛል። በስቱዲዮ የተወለደው ድምፅ በሶባ ግቢ ሌላ ፍርድ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው ፈተና የዜማው ነው። የኢትዮጵያም ሆነ የሱዳን ዘፈን በአመዛኙ በአምስት ኖታ ላይ የተመሠረተ ነው፤ መሐመድ ዋርዲ በ1994 አዲስ አበባ ላይ ሲዘፍን አድማጩ እንደ ራሱ ዘፋኝ የተቀበለው ጆሮው ለዚያ ዜማ ባዕድ ስላልነበረ ጭምር ነው። በትዝታ ወይም በባቲ ቅኝት ባሱ የሚጠየቀው ብዛት ሳይሆን ቦታውን የሚያውቅ ጥቂት ኖታ ነው። በችክችካ ምት ደግሞ ኖታውን ከመምታት ይልቅ በጊዜው ማፈን ይከብዳል። ስላፕ በዚህ ውስጥ ቦታ የለውም ማለት አይደለም፤ ሆኖም ክፍተቱን ሁሉ ሲሞላው ዘፋኙ የሚተነፍስበት ያጣል።

የአገሩ ባለሙያዎች ይህን ያለማንም ፊርማ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የዋልያስ ባንድ ሸክላ ላይ «ሙዚቃዊ ስልት» የተሰኘውን ሥራ ባስ የተጫወተው መላኬ ገብሬ ነው። የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ያጀበው የአይቤክስ ባንድ፣ በኋላም የሮሃ ባንድ ባሲስት ጆቫኒ ሪኮ ነበር። በእነዚህ ሰዎች ስም የተሠራ ጊታር በየትኛውም መደብር አይሸጥም። የካሴት ልባሶችም የአጃቢውን ስም ሳይጽፉ ማለፋቸው የተለመደ ነበር። ቢሆንም ዘፈኖቹን የሚወድ ሰው ባሱን ከሌሎቹ ለይቶ ሲያንጎራጉረው ይሰማል። የባስ ተጫዋች ፊርማ ይኸው ነው፤ በጊታሩ ላይ ሳይሆን በአድማጩ አፍ ላይ ይገኛል።

ይህ አስተሳሰብ ከባሕር ማዶ የመጣም አይደለም። በገና ደርዳሪ የመሣሪያውን ነዛሪ ድምፅ የሚያገኘው ከክሮቹ ሥር የምትገባውን እንዚራ የተባለች ቁራጭ ቆዳ በእጁ ወዲህና ወዲያ እያደረገ፣ ክር በክር እየሞከረ ነው። ያንን የሚያደርግለት ፋብሪካ የለም። ድምፁ እስኪስማማው ድረስ በገናው አላለቀም። ጃኮ በቢላና በሙጫ፣ ሚለር በሳዶውስኪ እጅ ያደረጉት በመሠረቱ ይኸው ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ተሰደዱ። በእንዲህ ያለ መንገድ ከ4 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ጊታር በትከሻ መያዝ ከልብስና ከምግብ ጋር የሚወዳደር ምርጫ ነው። ስሙ የተከበረ ጊታር ቢቀር ወይም ቢዘረፍ የሚጠፋው ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ የዓመታት ቁጠባ ሊሆን ይችላል። የተጫዋቹ ድምፅ ግን በጊታሩ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ከነበረ አብሮ ይጠፋል። በእጁ ውስጥ ካለ በተዋሰው ርካሽ ባስም ይመለሳል።

«በሰው ወርቅ አይደምቁ» የሚለው ተረት እንግዲህ እዚህ ላይ በከፊል ይሠራል። የሚለር ባስ ጥሩ ጊታር ነው፤ ባለቤቶቹ ያመሰገኑትም በከንቱ አይደለም። ጥፋቱ መግዛቱ ላይ ሳይሆን ገዝቶ እንደነበረ መተዉ ላይ ነው። በሰው ስም የተጠራ መሣሪያ የያዘ ወጣት ስሙን ያወጣውን ሰው ማክበር ከፈለገ እርሱ ያደረገውን ያድርግ፤ መፍቻውን ያንሣ፣ ክሩን ይለውጥ፣ ለትዝታና ለችክችካ የሚስማማውን ድምፅ ይፈልግ። ያን ጊዜ ጊታሩ የሚለር መባሉ ይቀጥል ይሆናል፤ ድምፁ ግን የባለቤቱ ይሆናል።