ከመስመር በላይ ያለ ጽሕፈት

በዐቢይ ጾም ከአምቦ እስከ ሸነን ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ጾመ ድጓ የተባለው የዜማ መጽሐፍ ሲዜም የአንባቢውን ዓይን ተከተሉ። ዓይኑ ከጥቁሩ የግዕዝ ቃል ይልቅ ከቃሉ በላይ ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ይመላለሳል።

ያቺ ቦታ ቁም ጸሐፊው አስቦ የተዋት ናት። ብራናውን በወስፌ ወግቶ ያለቀለም ያሰምራል፤ መስመሩ የሚታየው ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ነው። ከዚያ በጥቁሩ ብርዕ ንባቡን ይጥላል፤ የቅዱሳንን ስምና የክፍሉን መነሻ ግን ክፍት ይተወዋል። ኋላ በሌላ ብርዕ፣ ከሌላ ቀንድ፣ በቀይ ይሞላዋል።

ቀዩን ማንም ያየዋል፤ ፊደል ያልቆጠረም ጭምር። አን ትሪዝማንና ጋሪ ጌላድ በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በቀለሙ ብቻ የተለየ ነገር በዙሪያው ያለው ቢበዛም ለማግኘት ብዙ ጊዜ እንደማይጨምር አሳይተዋል። ጸሐፊዎቻችን ይህን በእጃቸው ያውቁት ነበር።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከቀዩ ይልቅ ከቃሉ በላይ ያለው ድቃቂው የዜማ ምልክት ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ይህን የምልክት ሥርዓት ያደራጁት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ከምልክቶቹ ይዘት የምትባለው ነጥብ ናት፤ ጭረትም እንደ ስሙ ጭረት ነው። ከእነዚህ ጎን ሥረይ የሚባሉ ሁለትና ሦስት ፊደላት ይቀመጣሉ፤ ከታወቀ ዜማ የተቆረጡ ናቸው። በቃሉ የያዘ ሰው ሁለቷን ፊደል ሲያይ የዚያ ዜማ አካሄድ በሙሉ ይመጣለታል፤ ድምፁም በአዲሱ ቃል ላይ ያዜመዋል። ላልተማረ ዓይን በብራናው ላይ የተበተነ ትቢያ ነው።

የብርዑን ጫፍ ተመልከቱ። የሥረዩ ፊደል ከንባቡ ፊደል ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው፤ ሆኖም «ለ» ከ«ሰ» ተለይቶ መቆም አለበት። ትንሽ ቀለም ከበዛ ፊደሉ ይደፈናል፤ ምልክቱ ወደ ጎን ከሸሸ ዜማው በሌላ ፊደል ላይ ይወድቃል። መጠኑን ማሳነስ ራሱ ጥበብ ነው። ንባቡን የሚሻ ዓይን ሳይታወክ ያልፋል፤ ዜማውን የሚሻ ደግሞ ወደዚያው ይወጣል። በአንድ ገጽ ላይ ለሁለት ዓይነት አንባቢ ሁለት መንገድ ተዘርግቷል።

የዚህ ዓይን ትምህርት ዓመታት ይፈጃል። የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በጋይንት ቤተልሔም ደቀ መዝሙሩ ዜማውን በጆሮ ከመያዙም በላይ የራሱን ድጓ ምልክቱን ጨምሮ በእጁ ይጽፋል። መምህሩ እያንዳንዷን ምልክት ይመረምርለታል፤ የተሳሳተችው ትፋቃለች፣ በቦታዋም ትክክለኛዋ ትጻፋለች።