የታይሮይድና የኩላሊት ምርመራ ወረቀት አነባበብ፤ አጭር ሒስ

ሒስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ልብ ወለድን ወይም ግጥምን ነው። እኔ ግን ዛሬ ለሒስ የማቀርበው ጽሑፍ ደራሲው የማይታወቅ፣ ርዝመቱም ከአንድ ገጽ የማይበልጥ፣ ነገር ግን በየክሊኒኩና በየሆስፒታሉ ዕለት ዕለት የሚነበብ ነው። ይኸውም የላቦራቶሪ ውጤት ወረቀት ነው። ጽሑፉን ለማንበብ የምንሠለጥነው እኛ ነን፤ ስለዚህ ክፉ አነባበብ ቢኖር ነቀፌታው ወደ ሌላ ሰው አይሄድም።

ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰኝን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ከደብረ ማርቆስ ከተማ ወጣ ብለው በገጠር የሚኖሩ አክስት አሉኝ፤ ዕድሜያቸው ወደ 58 ይጠጋል። ፊታቸው ያብጥ፣ ጉልበታቸው ይዝል፣ ድምፃቸውም ይጎረንን ጀመር። ያደጉበት ብርድ እንግዳ ሆኖባቸው በጠራራ ፀሐይ ሁለት ጋቢ ደርበው ይቀመጡ ነበር። ወደ አንድ ክሊኒክ ተወሰዱና ደማቸው ታየ። በወረቀቱ ላይ ክሪያቲኒን 1.7 የሚል ቁጥር፣ ከጎኑም «ከፍ ያለ» የሚል ምልክት ተጽፎ ነበር። መርማሪው ወረቀቱን አይቶ፦ «እማማ፣ ኩላሊትዎ ደክሟል፤ አዲስ አበባ ሄደው ስለ እጥበት ይጠይቁ» አላቸው። ባለቤታቸው ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጡ፤ የዚያ ዓመት እርሻ በመቀናጆ ታረሰ።

አዲስ አበባ የተቀበላቸው ሐኪም ግን ከወረቀቱ አስቀድሞ አንገታቸውን ዳሰሰ፤ የልብ ትርታቸውን ቈጠረ፤ ያበጠውንም ፊታቸውን በጣቱ ተጫነው። የጣቱ ጉድጓድ አልቀረም። ሽንታቸው በስትሪፕ ሲታይ ፕሮቲን አልተገኘበትም። ትርታቸው በደቂቃ 52 ነበር። ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለው ምርመራ ሲመጣ ከ60 በላይ ሆነ፤ የተለመደው ጣሪያ 4 ገደማ ነው። ሕመማቸው የታይሮይድ ማነስ ነበር። ሌቮታይሮክሲን የተባለውን ክኒን ጧት ጧት በባዶ ሆድ እየዋጡ ስድስት ወር ሲሞላቸው ክሪያቲኒናቸው 1.0 ሆነ። ኩላሊታቸውን ማንም አላከመውም።

የዚህ ምክንያቱ በትምህርት ቤት የሚታወቅ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ የልብ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ ማጣራቱም አብሮ ይወርዳል። ሆርሞኑ ሲመለስ ማጣራቱ በአብዛኛው ይመለሳል። ነገሩ በተቃራኒውም ይደርሳል፤ ኩላሊቱ ብዙ ፕሮቲን ወደ ሽንት የሚያፈስ ሰው የታይሮይድን ሆርሞን የሚሸከሙትን ፕሮቲኖች ጭምር ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የሁለቱን ምርመራ ወረቀት ለየብቻ ማንበብ አንድን ደብዳቤ ለሁለት ቀድዶ እንደ ማንበብ ያለ ነው። ይሁን እንጂ እኛ ታይሮይድን በአንድ ወር፣ ኩላሊትን በሌላ ወር፣ ከሌላ መምህር እንማራለን፤ ሁለቱ በአንድ ሰው አካል ውስጥ መገናኘታቸውን የምናውቀው በሽተኛ ሲያስተምረን ነው። መምህሮቻችን በዚህ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ከቁጥሩ ጎን «ትክክለኛ መጠን» ተብሎ የሚታተመው ከየት የመጣ ነው? ብዙውን ጊዜ መሣሪያውን ወይም ኬሚካሉን የሠራው ፋብሪካ ከላከው መግለጫ የተገለበጠ ነው፤ የተለካውም በሌላ አገር ሕዝብ ላይ ነው። ከዚህም በላይ «ትክክለኛ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። መጠኑ የሚወሰነው ከመቶ ጤነኞች 95ቱን እንዲይዝ ተደርጎ ነው፤ ከሃያ ጤነኞች አንዱ በደንቡ መሠረት ከመስመሩ ውጭ ይወድቃል ማለት ነው። እርስ በርሳቸው የማይያያዙ ሃያ ምርመራዎች በአንድ ጤነኛ ሰው ላይ ቢታዘዙ፣ ቢያንስ አንዱ ምልክት ይዞ የመምጣቱ ዕድል ከመቶ 64 ነው። ፊንላንዳውያኑ ግሬስቤክና ሳሪስ እ.ኤ.አ. በ1969 «የማመሳከሪያ መጠን» የሚለውን አጠራር ያቀረቡት ይህን ስሕተት ለማረም ነበር። በጎጃም ዞኖችም ተመራማሪዎች ከጤነኛ ጎልማሶች ደም የኬሚስትሪ ማመሳከሪያ መጠን ለክተው ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሳትመዋል። ድካማቸው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን በእጄ ያለው የአክስቴ ወረቀት እንዲህ ያለ ጥናት መኖሩን የሚያውቅ አይመስልም።

ስለ ክሪያቲኒን ጥቂት ላብራራ። ክሪያቲኒን የጡንቻ ትርፍ ነው። ጡንቻው የሳሳ ሽማግሌ ትንሽ ክሪያቲኒን ስለሚያመነጭ ኩላሊቱ ግማሹን ሥራ ያቆመ እንኳ ቢሆን ቁጥሩ «ደኅና» ሊመስል ይችላል። የበሰለ ሥጋ የበላ ሰው ደግሞ ለጥቂት ሰዓት ቁጥሩ ከፍ ይላል። እንግዲህ በሁዳዴ ማገባደጃ የተቀዳ ደምና በፋሲካ ማግስት የተቀዳ ደም የአንድ ሰው ቢሆኑም ሲነጻጸሩ ጥንቃቄ ያሻል፤ ይህን ግን በውጭ አገር የተጻፈ መጽሐፍ አይነግረንም። የአለካኩም ጉዳይ አለ። በርካሽነቱ የተስፋፋው የያፌ ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1886 ጀምሮ የታወቀ ሲሆን በፒክሪክ አሲድ ቀለም የሚሠራ ነው፤ የደም ስኳርና ኬቶን ሲበዛ ቀለሙን ያደምቁታል፤ ቢሊሩቢን ያደበዝዘዋል። መለኪያውም ሁለት ነው፤ በአንዱ 1 የሚባለው በሌላው 88.4 ነው። መለኪያው ያልተጻፈበት ወረቀት ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ አንባቢ ይገምተው።

ቁጥሩን ወደ ማጣራት አቅም የሚለውጡ ቀመሮች መኖራቸው ሁላችንም የምናውቀው ነው። ጥቅማቸውን በምሳሌ ላሳይ። ክሪያቲኒን 1.1 የሆነ የ25 ዓመት ወንድ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ቀመር ሲሰላ አቅሙ ወደ 95 ይደርሳል፤ ይኸው 1.1 በ70 ዓመት አሮጊት ላይ ሲሆን 54 ብቻ ነው። ወረቀቱ ግን ለሁለቱም አንድ ቁጥር አትሞ ዝም ይላል። በቀደመው የ2009 ቀመር ደግሞ ለጥቁር ሰው ውጤቱ በ1.159 እንዲባዛ ታዝዞ ነበር። በዚያ ስሌት የእኚሁ አሮጊት አቅም ከ51 ወደ 59 ከፍ ይላል፤ ኩላሊታቸው ግን አንዲት ጠብታ አልጨመረም። ማባዣው የተገኘው በአሜሪካ ከሚኖሩ ጥቁሮች ነው፤ ለጎጃም ገበሬ የሚሠራበት ምክንያት አልነበረም። በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት በክሪያቲኒን የተሠሩት ቀመሮች የኩላሊትን አቅም አለቅጥ ከፍ አድርገው እንደሚያሳዩ ገልጿል። እንግዲህ አክስቴን ያለ በሽታቸው ያስፈራራው ቁጥር፣ ሌላውን በሽተኛ ደግሞ ያለ ጊዜው ያጽናናል።

ስለ ታይሮይድ ሲነሣ በኛ አገር ነገሩ ከጨው ይጀምራል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት የወጣው እንቅርት ከማይታይበት አገር አይደለም። የደጋው አፈር አዮዲኑን በዝናም አጥቧል። ጨው ከቀይ ባሕር ዳር በብዛት ይመጣ የነበረው እ.ኤ.አ. በ1998 በተነሣው ጦርነት ተቋረጠ፤ በምትኩ የመጣው የአፋር ጨው፣ በተለይም የአፍዴራው፣ አዮዲን አልተጨመረበትም ነበር። በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝ ደንብ ወጣ፤ በ2016 ጥናት ቁጥሩ 89 ደረሰ። አዮዲን አለበት ማለት በበቂ አለበት ማለት አለመሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም።

ይህ ታሪክ ለወረቀት አንባቢ ምን ይጠቅመዋል? በጣም ይጠቅመዋል። በአዮዲን እጥረት ዘመን ያደጉ እናት አንገታቸው ላይ የቈየ፣ ጓጕላ የበዛበት እንቅርት ካለ፣ ዘግይቶ የመጣው አዮዲን ዕጢውን ከልክ በላይ ሊያሠራው ይችላል። ያን ጊዜ ቲ.ኤስ.ኤች. ይወርዳል፤ ሰውነት ይከሳል፤ የልብ ምት ይዛባል። ስለዚህ አንዱ አንገት ወደ ሁለት ተቃራኒ በሽታ ሊያመራ ይችላል፤ ከእንቅርተኞችም አብዛኞቹ ከሁለቱ አንዱም የለባቸውም፤ ክኒንም አያሻቸውም። በሌላ ከባድ ሕመም አልጋ ላይ የወደቀ ሰው፣ እንዲሁም በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ያለች ሴት፣ ታይሮይዳቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቲ.ኤስ.ኤች. ሊዋዥቅ ይችላል።

ጓደኞቼ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ ሲያዩ፦ «በጤና ጣቢያ ቲ.ኤስ.ኤች. በሌለበት ይህን ሁሉ ማውራት ምን ይረባል?» አሉኝ። መቃወሚያው ከባድ ነው፤ ነገር ግን ወደ ሌላ ወገን የሚያደላ ይመስለኛል። አክስቴን ከስሕተት ያዳናቸው መጀመሪያ ቲ.ኤስ.ኤች. አልነበረም፤ በአውራ ጣት የተጫነ ፊት፣ ሰዓት ተይዞ የተቈጠረ ትርታ፣ ሽንት ውስጥ የተነከረ ስትሪፕ ነበር። እነዚህ በጤና ጣቢያ የማይገኙ ነገሮች አይደሉም። አንድ ክሪያቲኒን ከፍ ብሎ ሲገኝ በሽተኛው አስቸኳይ የሚያሰኝ ምልክት ከሌለው ደግሞ ማየት፣ ለጉልበት ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ይወስድ እንደ ሆነ መጠየቅ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም። የቈየ የኩላሊት በሽታ ለመባል ጉድለቱ ከሦስት ወር በላይ መቈየት እንዳለበት ዓለም አቀፉ ስምምነት ራሱ ይናገራል፤ የአክስቴ ብይን ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ቁጥር ተሰጠ።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ለልምምድ በየጤና ተቋሙ ስንሰማራ የምናያቸውን ወረቀቶች ስም ሳንይዝ እንመዝግብ፤ የበሽተኛው ዕድሜ ተጽፏል ወይ፣ መለኪያው ተጽፏል ወይ፣ ዘዴው ተጽፏል ወይ፣ ማመሳከሪያው ከየት እንደ መጣ ተጽፏል ወይ እያልን። እኔ በአክስቴ ወረቀት ጀምሬአለሁ። ከአራቱ የተሞላው መለኪያው ብቻ ነው፤ የዕድሜው ሣጥን ባዶ ነው።