ስንት ጥርስ ብቻ ሳይሆን ከምን የተሠራ ጥርስ፦ የፋይበርግላስ መቁረጫ ምክሮች ሲፈተሹ

ፋይበርግላስ እንዴት እንደሚቆረጥ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎችና የሱቅ ምክሮች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ «ጥርሱ ደቃቅ የሆነ መጋዝ ውሰድ፣ ቀስ ብለህ ቁረጥ፣ በቃ።» ምክሩ ውሸት አይደለም። ችግሩ ግማሽ መሆኑ ነው። የቀረው ግማሽ ደግሞ የሠራተኛውን ኪስና ሳንባ የሚነካው ነው።

በመጀመሪያ ልክ የሆነውን እንቀበል። ጥርሱ የተራራቀ መጋዝ ቀጭን ፋይበርግላስ ላይ ሲገባ ጠርዙን እየያዘ ይገነጥለዋል፤ ንብርብሩም ይላቀቃል። ስለዚህ ምንጊዜም ቢያንስ ሁለት ሦስት ጥርሶች የሚቆረጠውን ነገር መንካት አለባቸው የሚለው የቆየ ደንብ እዚህም ይሠራል።

ነገር ግን ይህ ደንብ የመጣው ከእንጨትና ከብረት ሥራ ነው። ፋይበርግላስ በሬዚን ውስጥ የተቀበረ የመስታወት ክር ነው። በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ መስታወት 5.5 ግድም፣ ጠንካራ የብረት ሞረድ 6.5 ግድም ነው። ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ፣ እልፍ አእላፍ ክሮችን የሚገጨው የብረት ጥርስ ራሱ በብርጭቆ ወረቀት እንደተፈተገ ይሆናል። ታንግስተን ካርባይድ ግን 9 ግድም፣ አልማዝ 10 ነው። እንግዲህ ከ«ስንት ጥርስ አለው?» በፊት መምጣት የነበረበት ጥያቄ «ጥርሱ ከምን ተሠራ?» የሚለው ነው። ብዙዎቹ ምክሮች ይህን አያነሱም፤ ቢያነሱም መጨረሻ ላይ ጣል አድርገውት ያልፋሉ።

የደነዘዘ ጥርስ አይቆርጥም፣ ይፈትጋል፤ ፍትጊያው ደግሞ ሙቀት ይፈጥራል። እዚህ ላይ «ሬዚኑ ቀልጦ ነው መጋዙን የያዘው» ሲባል ይሰማል። ፖሊስተርም ሆነ ኢፖክሲ አንዴ ከጠነከረ በኋላ እንደ ሰም አይቀልጥም። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲብስበት ያርራል። የለሰለሰው ብናኝ በጥርሶቹ መካከል ይጠቀጠቃል። ጥርሱ በደቀቀ ቁጥር ደግሞ ብናኙ የሚወጣበት ቦታ ይጠብባል። ያ የተመሰገነው ደቃቅ ጥርስ እዚህ ላይ ራሱ የችግሩ አካል ይሆናል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ለአንድ አጭር ቁርጥ ተራ የብረት መጋዝ ይበቃል፤ ደንዝዞ ይጣላል። ለኩርባ፣ ጂግሶ ላይ የሚገጠም፣ በጥርስ ፈንታ ጠርዙ በካርባይድ ቅንጣት የተለበጠ ምላጭ ይመረጣል። ለረጅምና ቀጥ ያለ ሥራ አልማዝ የተለበጠ ዲስክ ነው። ሲገዛ ይወደዳል፤ ሥራ ለሚበዛበት ሰው ግን ቶሎ ቶሎ የሚጣለው ርካሽ ምላጭ ነው የሚያከስረው።

ይህ መልስ ግን የራሱ ዕዳ አለው። በቅንጣት የተለበጠ ምላጭና በፍጥነት የሚሽከረከር ዲስክ የሚቆርጡት በመፍጨት ስለሆነ፣ የሚያወጡት ብናኝ የደቀቀ ነው። መጋዝ ስንመርጥ ብናኝም እየመረጥን ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ብናኝ የሚነገረው ደግሞ ሁለት ጽንፍ ነው። አንዱ ያለ ማስክ እየቆረጠ ያስተምራል፤ ሌላው «እንደ አስቤስቶስ ነው» ብሎ ያስፈራራል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። አስቤስቶስ ሲሰበር በቁመቱ እየተሰነጠቀ ይቀጥናል። የመስታወት ክር ግን የሚሰበረው በአግድሙ ስለሆነ ውፍረቱ አይለወጥም፤ ይህም ብዙውን ጊዜ 9 ማይክሮንና ከዚያ በላይ ነው። ሳንባ ውስጥ ጠልቀው ለመግባታቸው የሚያሰጉት ከ3 ማይክሮን የቀጠኑት ክሮች ናቸው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2002 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነቱን ረጅም የመስታወት ክር ያስቀመጠው በ3ኛው ምድብ ነው፤ ይኸውም ካንሰር ያመጣል ወይም አያመጣም ብሎ ለመመደብ ማስረጃው አይበቃም ማለት ነው።

«አይበቃም» ማለት ግን «ጉዳት የለውም» ማለት አይደለም። ክሩ ቆዳን ያሳክካል፣ ዓይንና ጉሮሮን ይቆጠቁጣል። አብሮት የሚወጣው ደቃቅ የሬዚን ብናኝ ደግሞ ሳንባ ድረስ ይገባል።

ጥሩ ምክር እንግዲህ ሦስት ነገር መመለስ አለበት፦ ጥርሱ ከምን ተሠራ? የሚቆረጠው ምን ያህል ውፍረት አለው? ብናኙስ የት ይሄዳል? የመጨረሻውን በቫኪውም፣ በመነጽርና ፊት ላይ በደንብ በሚገጥም የብናኝ ማስክ ያልመለሰ አስተማሪ ያሳየን አቆራረጥ የቱንም ያህል ቢያምር ትምህርቱ ጎደሎ ነው።