ዋቢው ማን ነው?
ስለ ምርምር ጽሑፎች የዋቢ አጻጻፍ የቀረበ ሒስ

በአሶሳና በአካባቢው የቦታ ስሞች ላይ የተዘጋጀ አንድ የምርምር ረቂቅ፣ ወደ አንድ የሳይንስ መጽሔት ከመላኩ በፊት እንድንመለከተው ቀርቦልን ነበር። የጽሑፉ ፍሬ ነገር የሚያስመሰግን ነው፤ አዘጋጁ ከቀበሌ ቀበሌ ተዘዋውሮ ሽማግሌዎችን ጠይቋል፣ የሰማውንም በጥንቃቄ መዝግቧል። በመጨረሻው ገጽ የተዘረዘሩትን ዋቢዎች አንድ በአንድ ለማግኘት ስንነሣ ግን መንገዱ ጠፋን። ጽሑፎቹ አሉ፤ የሰወራቸው የአጻጻፉ ሥርዐት ነው። ጉድለቱ የአንድ ሰው ብቻ ስላልሆነ፣ የረቂቁን ባለቤት ሳንጠቅስ ነገሩን ለአንባቢያን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በመጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። በረቂቁ ውስጥ «ጥቅስ»፣ «ማጣቀሻ» እና «ዋቢ» እየተለዋወጡ ገብተዋል። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ጥቅስ ከሌላ ሰው ቃል ሳይለወጥ የተወሰደው ነው። ማጣቀሻ ቃሉ ወይም አሳቡ ከየት እንደ መጣ በዐረፍተ ነገሩ መካከል የምናሳይበት አጭር ምልክት ነው፤ ጠቀሰ በዐይን ወይም በእጅ አመለከተ ማለት ነውና ስያሜው ከሥራው ጋር ይስማማል። ዋቢ ደግሞ ዋስ፣ መተማመኛ ነው፤ ለተናገርነው ነገር የሚቆምልን ማለት ነው። የአንድምታ መምህራን ቃሉን አንሥተው «እንዲል» ሲሉ ሰሚው መጽሐፉን ያውቀዋል፤ ስለዚህ አጭሩ ምልክት ይበቃቸዋል። የዛሬው መጽሔት አንባቢ ግን ዋቢውን አያውቀውም። በቀድሞው የሙግት ሥርዐት ባለጉዳይ እማኝ ሲቆጥር ስሙንና አገሩን ይናገር እንደ ነበር፣ ጸሐፊም ዋቢውን ሲጠራ ሌላው ሄዶ ሊያገኘው በሚችል አኳኋን መጥራት አለበት። የአጻጻፍ ደንብ ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ነው፤ ነጥብና ሰረዝ ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

በዚህ ሚዛን ስንመለከተው የመጀመሪያው ችግር የሰው ስም ነው። አብዛኞቹ የውጭ መጽሔቶች የቤተ ሰብ ስም እንዲቀድምና የግል ስም በአንድ ፊደል እንዲታጠር ይጠይቃሉ። በእኛ ልማድ ግን የቤተ ሰብ ስም የለም፤ ሁለተኛው ስም የአባት፣ ሦስተኛው የአያት ነው። ስለ መተከል የሕዝቦች ግንኙነት የተጻፈውንና በ2006 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የታተመውን መጽሐፍ እንውሰድ። ደራሲው በመጽሐፉ ላይ ጸጋ እንዳለው ተብለዋል፤ በኋለኞቹ ሥራዎቻቸው ላይ ደግሞ ጸጋ ኢተፋ ይባላሉ። በረቂቁ ውስጥ አንድ ጊዜ «እንዳለው፣ ጸ.»፣ ሌላ ጊዜ «ኢተፋ፣ ጸ.» ተብለው በተለያዩ ገጾች ላይ ስለ ሰፈሩ አንዱ ሰው ሁለት ሆነዋል። «ጸጋ» ተብሎ ቢጀመር ኖሮ ሁለቱም ሥራዎች ጎን ለጎን በተቀመጡ ነበር። በበርታ ዘንድ እንደሚታየው እስላማዊ ስሞች በበዙበት አካባቢ ጉዳቱ በተቃራኒው በኩል ይመጣል፤ «መሐመድ፣ አ.» የተባለ ዋቢ አሕመድ ይሁን አብዱ ወይም አልማሕዲ ማን ሊለየው ይችላል? እዚያ አንዱ ሁለት ሲሆን፣ እዚህ ብዙዎቹ አንድ ይሆናሉ።

ይህ የማይቀር ዕዳ አይደለም። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጾች የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይገለብጥ፣ በራሳቸው ስም ተራ አስገብቷል። ዋቢ ለማደራጀት የሚያገለግሉት እንደ ዞቴሮ ያሉ የኮምፒዩተር መሣሪያዎችም ስምን ሳይከፍሉ በአንድ ሣጥን ለመጻፍ ይፈቅዳሉ። እንግዲህ «ደንቡ አስገደደኝ» የሚለው ምክንያት ብዙ አያስኬድም።

ሁለተኛው ዓመተ ምሕረት ነው። የረቂቁ አዘጋጅ የክልሉን ሕዝብ ቁጥር በአንድ ስፍራ «ቆጠራ 1999»፣ በሌላ ስፍራ «ቆጠራ 2007» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ በክልሉ ቆጠራው የተካሄደው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ነው፣ ይኸውም በ2007 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። ምልክቱ ሲቀር ግን የውጭው አንባቢ በስምንት ዓመት የሚራራቁ ሁለት ቆጠራዎች ያሉ ይመስለዋል፤ የሕዝቡንም ዕድገት ከዚያ ሊያሰላ ይነሣል። በደፈናው ስምንት መደመርም መፍትሔ አይሆንም። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች ዘመን መለወጫ ልዩነቱ ሰባት ነው። ወሩ ሳይገለጽ በ1993 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መዝገበ ቃላት 2000 ወይም 2001 እ.ኤ.አ. ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጽሐፉ ላይ የታተመውን ዓመት አስቀድሞ፣ አቻውን በቅንፍ «2000/01 እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ሦስተኛው የሕዝብና የቦታ ስም ነው። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ በ1981 እ.ኤ.አ. በናፖሊ ባሳተሙት የታሪክ መጽሐፍ አርእስት ላይ አገሩ «ቤላ ሻንጉል» ተብሏል፤ የረቂቁ አዘጋጅ ግን የዛሬውን አጠራር በመከተል «ቤኒሻንጉል» ብሎ አርሞታል። አርእስት አይታረምም፤ የታረመ አርእስት በቤተ መጻሕፍት መዝገብ ውስጥ አይገኝም። የአሶሳ ስም ራሱ በላቲን ፊደል አንዳንዴ በአንድ «ሰ»፣ አንዳንዴ በሁለት ይጻፋል፤ ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ እያንዳንዱ ጸሐፊ በጆሮው ይፈርዳል። የሺናሻም ቋንቋ በአንዱ ጽሑፍ ሺናሻ፣ በሌላው ቦሮ ወይም ቦርና ይባላል። በዋቢው ዝርዝር እንደ ታተመው፣ በጽሑፉ አካል ግን በአንድ በተመረጠ አጻጻፍ መጠቀም ይገባል። የጉሙዝን ሕዝብ የሚያዋርዱ የቀድሞ መጠሪያዎችም በአርእስት ውስጥ ከተገኙ በዚያው ይቀራሉ፤ ወደ ጸሐፊው ዐረፍተ ነገር መግባት የለባቸውም።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳዘነን ግን አራተኛው ነው። ከውጭ አገር መጻሕፍት እያንዳንዳቸው እስከ ገጽ ቁጥራቸው ሲጠቀሱ፣ የረቂቁን ዋና ቁም ነገር የሰጡት ሽማግሌዎች «የቃል መረጃ፣ አሶሳ» በሚሉ ሦስት ቃላት ታልፈዋል። በዚህ ዝርዝር አብዛኛው ዕውቀት የመጣበት ሰው ከሁሉ ያነሰ ዋቢ ሆኗል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች በመመረቂያ ጽሑፎቻቸው መጨረሻ የመረጃ አቀባዮችን ስም፣ ዕድሜና ቃሉ የተሰጠበትን ቦታና ቀን ሲዘረዝሩ ኖረዋል፤ ይህ መልካም ልማድ ሊረሳ አይገባም። በዚህ ክልል ደግሞ ቃሉ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተሰጠና በአስተርጓሚ እንደ ሆነ ሊጨመር ይገባል። በበርታ ተነግሮ በዐረብኛ ተተርጉሞ በአማርኛ የተጻፈ የቦታ ስም ትርጓሜ ሦስት ደጃፍ አልፎ የመጣ ነውና።

«ስማቸውን ብንጽፍ ጉዳት ላይ እንጥላቸዋለን» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺና በመተከል የፈሰሰውን ደም ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ባለቤቱ ካልፈቀደ ስሙ አይጻፍ። ያን ጊዜም ቢሆን «አቀባይ 1»፣ «አቀባይ 2» እየተባለ ወረዳው፣ ቀኑና ቋንቋው ይመዝገብ፤ የስሙ ዝርዝር በጸሐፊው እጅ በምስጢር ይቀመጥ። ስም መሰወርና ሰውን መሰወር የተለያዩ ናቸው።

ለረቂቁ ባለቤት የሰጠነው ምክር አጭር ነው። የኢትዮጵያዊ ስም ሳይገለበጥ ሙሉውን፣ ዓመቱ ከነምልክቱ፣ አርእስቱ እንደ ታተመ፣ የቃል አቀባዩም ከመጽሐፍ እኩል በዝርዝሩ ይግባ። መጽሔቱ የራሱን ሥርዐት ከጠየቀ ነጥቡንና ሰረዙን ለመጽሔቱ መተው ይቻላል፤ ስሙንና ዘመኑን ግን አስረድቶ መጠበቅ የጸሐፊው ፈንታ ነው። የአርታዒያን ቡድኖችም ለደራስያን በሚሰጡት መመሪያ እነዚህን አራት ነጥቦች ቢያስገቡ፣ ከአሶሳ የሚመጣው ቀጣዩ ረቂቅ ዋቢዎቹን ይዞ ይደርሰናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።