ስሙ ሌላ፣ ካርዱ ሌላ

ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ መብራት ሄዶ ሲመጣ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። ሥራዬ የሰርቨርና የሃርድ ዲስክ ጥገና ነው፤ ደንበኞቼም በአብዛኛው ከሆስፒታሉ ዙሪያ እስከ ፓስተር ድረስ የተኮለኮሉት ክሊኒኮች፣ ፋርማሲዎችና ላቦራቶሪዎች ናቸው። የሚደውሉልኝ ሰዎች ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ኮምፒውተሩስ ተነሥቷል፣ ግን ውስጡ ያለው ሁሉ ደህና ነው ወይ?» ይህ ጽሑፍ በስልክ ጨርሼው የማላውቀው መልስ ነው።

መልሱ አይኖድ ከሚባለው የፋይል ካርድ ይጀምራል። ስለ አይኖድ ቀድሜ አንብቤ ነበር፤ በደንብ የገባኝ ግን እናቴን ለክትትል ይዤ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ የቆምኩ ዕለት ነው። ቁጥሯ ያለባትን የቀጠሮ ወረቀት ቤት ረስተን መጥተናል። ሠራተኛዋ «ስምዎን ከነአያት ይንገሩኝ፣ እማማ» አለቻት። ከስም ማውጫው ሳጥን አንዲት ጠንከር ያለች ወረቀት መዘዘች፤ ወረቀቷ ላይ ከስምና ከቁጥር በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የለም። ቁጥሩን ለራሷ እየደጋገመች በመደርደሪያዎቹ መካከል ገባችና የእናቴን የዓመታት ሕመም የያዘውን ካርድ ይዛ ተመለሰች። መደርደሪያው ላይ ስም የሚባል ነገር አልነበረም። ሁሉም በቁጥር ተደርድሯል።

ሊኑክስ ላይ ያለ ፋይልም እንደዚሁ ነው። ፎልደር የምንለው እንደዚያ የስም ማውጫ ሳጥን ነው፤ ስሙን ከቁጥሩ ጋር አጣምሮ ይይዛል። ቁጥሩ ወደ አይኖዱ ይመራል። ኤክስት4 በሚባለው ፋይል ሲስተም አንድ አይኖድ አብዛኛውን ጊዜ 256 ባይት ነው። ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ማን እንዲያነብ ማን እንዲጽፍ እንደተፈቀደ፣ መጠኑ፣ መቼ እንደተነካ፣ ስንት ስም እንደሚጠራው፣ ከሁሉም በላይ ዳታው ዲስኩ ላይ የት የት እንደተቀመጠ እሱ ላይ ሰፍሯል። ስሙ ግን እዚያ የለም። ቁጥሩም ራሱ አልተጻፈበትም፤ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል መደርደሪያው ላይ ስንተኛ እንደሆነ አስልቶ ይደርስበታል። ዋናው ፎልደር ሁልጊዜ ቁጥር 2 ነው። ከዩኒክስ አባቶች አንዱ የነበሩት ዴኒስ ሪቺ ከስሙ ፊት ያለችው «አይ» ከየት እንደመጣች ሲጠየቁ፣ ምናልባት «ኢንዴክስ» ከሚለው ቃል ይሆናል ብለው ነበር። ማውጫ ማለት ነው፤ ከዚያ መስኮት ወዲህ እኔም የምቀበለው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ፊደል የሚመለከት ነገር አለ። ለአንድ ፋይል ስም የተፈቀደው ቦታ 255 ባይት ነው። ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ በአማርኛ የሚወጣ ስም ከ85 ፊደል ማለፍ አይችልም። ከርነሉ ደግሞ ከባይት በቀር የሚያውቀው ነገር ስለሌለ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለእሱ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። የካርድ ክፍሏ ልጅ በ«ሀ» ስታጣ በ«ሐ» ትሞክራለች፣ ቀጥላም በ«ኀ»። ይህን የእሷን ዕውቀት ፕሮግራም የሚጽፈው የእኛ ሰው ከላይ ካልጨመረበት ከርነሉ ከየት ያመጣዋል? ባለመጨመሩ ሁለት ካርድ የወጣለትና የአለርጂው ማስጠንቀቂያ በአንዱ ላይ ብቻ የቀረ በሽተኛ ገጥሞኛል። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰዓቱም እንዲሁ። አይኖድ ላይ ያለው ሰዓት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ በሰከንድ ይቆጠራል። አሮጌው ባለ128 ባይት አይኖድ ይህን የሚጽፍበት 32 ቢት ብቻ ስላለው ቆጠራው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ ሞልቶ ይፈስሳል። የጥምቀት ጠዋት፣ ሕዝቡ ጃንሜዳ ታቦታቱን ከብቦ ባለበት ሰዓት። ባለ256 ባይቱ ተጨማሪ ቢት ስላለው ቀኑን በሰላም ያልፈዋል። አሮጌ ዲስክ እጄ ሲገባ በመጀመሪያ የማየው ስለዚህ የአይኖዱን መጠን ነው።

ፋይል ሲከፈት ከርነሉ አይኖዱን ከዲስክ ወደ ሜሞሪ ያመጣና ሁለት ቆጠራ ይይዝለታል፤ ስንት ስም እንደሚጠራውና በአሁኑ ሰዓት ስንት ቦታ በሥራ ላይ እንደሆነ። ፋይሉን አጠፋሁት ስንል የተፋቀው ስሙ ብቻ ነው። ካርዱ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ተገልጦ ሳለ ማንም ወስዶ አያቃጥለውም። ሁለቱም ቆጠራ ዜሮ ሲገቡ ነው አይኖዱ የሚለቀቀው። በመካከል መብራት ቢጠፋስ? ስሙ ተፍቋል፣ ይዞት የነበረው ፕሮግራምም የለም፤ አይኖዱ ግን ቦታ ይዞ ቀርቷል። ለእንዲህ ያሉት ኤክስት4 የወላጅ አልባዎች ዝርዝር አለው። በቆየው አሠራር ለዝርዝሩ የተለየ ቦታ እንኳ አልተሰጠውም፤ እያንዳንዱ አይኖድ «መቼ ተሰረዘ» በሚለው ቦታው ላይ የቀጣዩን ቁጥር ጽፎ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቆማሉ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከርነሉ የመጀመሪያውን ይዞ እስከ መጨረሻው ይለቅቃቸዋል። ይህን ያሰበ ሰው ሥራውን ይወድ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን መብራት በመሃል ሲሄድ ፋይል ሲስተሙን ወደሚጠብቀው፣ ጆርናል ወደሚባለው መዝገብ እንምጣ። አንድ ባዶ ፋይል ለመፍጠር ከርነሉ የትኛው አይኖድ ነፃ እንደሆነ የሚያሳየውን ካርታ ያስተካክላል፣ የነፃዎቹን ብዛት ይቀንሳል፣ አይኖዱን ይጽፋል፣ ስሙን ፎልደሩ ላይ ያስገባል፣ የፎልደሩን የራሱን አይኖድም ያድሳል። እነዚህ ዲስኩ ላይ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፤ ዲስክ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቅጽበት አይጽፍም። መብራት በመሃል ከሄደ ቁጥር ወጥቶለት ስም የሌለው ካርድ ይቀራል። ይባስ ብሎ ስሙ ገብቶ ካርታው ሳይስተካከል ከቀረ፣ ያው ቁጥር ነገ ለሌላ ይሰጥና የአንዱ ምርመራ በሌላው ካርድ ላይ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የኤክስት4 አያት፣ ኤክስት2፣ ለዚህ የነበረው መድኃኒት ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር መፈተሽ ነበር። ዲስኮች እያደጉ ሲሄዱ ፍተሻው በሽተኛ አሰልፎ የሚያስጠብቅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1998 ስቲቨን ትዊዲ የተባሉ ፕሮግራመር ኤክስት2 ላይ ጆርናል እንዴት እንደሚጨመር አሳዩ፤ ሥራቸው ኤክስት3 ተብሎ በ2001 ከሊኑክስ ከርነል ጋር ተቀላቀለ። አይቢኤም ጄኤፍኤስ የተባለውን ባለጆርናል ፋይል ሲስተም ይዞ ቀድሞ መጥቶ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1990። ሐሳቡ ለሂሳብ ሠራተኛ እንግዳ አይደለም፤ ሌጀሩ ከመነካቱ በፊት ጆርናሉ ላይ ይጻፋል።

ከርነሉ ሊለውጣቸው ያሰባቸውን ብሎኮች፣ ማለትም የዲስክ ቁራጮች፣ ቅጂ አስቀድሞ ጆርናሉ ላይ ያሰፍራል። ከፊታቸው የእያንዳንዳቸው ቦታ የት እንደሆነ የሚናገር ብሎክ፣ ከኋላቸው ደግሞ እንደ ማኅተም የሚያገለግል ሌላ ብሎክ አለ። ማኅተሙ ሳያርፍ ዋናው ቦታ አይነካም። መብራት ከዚያ በፊት ከሄደ ነገሩ እንዳልተጀመረ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ከሄደ ሲነሣ ከጆርናሉ እያነበበ ይደግመዋል። በተለመደው አሠራር ማኅተሙ በየ5 ሰከንዱ ያርፋል።

ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከርነሉ ጆርናሉን ሦስት ጊዜ ያነበዋል። በመጀመሪያው ማኅተም ያለው እስከ የት እንደሆነ ይለያል፤ በሦስተኛው ይደግማል። እኔን ያስገረመኝ መካከለኛው ነው። ጠዋት ፎልደር የነበረ አንድ ብሎክ እናስብ፤ ለውጡ ጆርናል ላይ ሰፍሯል። ረፋድ ላይ ፎልደሩ ተሰረዘና ብሎኩ ለአንዲት እናት የደም ምርመራ ውጤት ተሰጠ። ውጤቱ ዳታ ስለሆነ በተለመደው አሠራር ጆርናሉን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ቦታው ይሄዳል። መብራት ቢሄድና ከርነሉ ጆርናሉን እንዳለ ቢደግም፣ የጠዋቱ ፎልደር በእናትየዋ ውጤት ላይ ተመልሶ ይጻፍበት ነበር። ስለዚህ ፎልደሩ ሲሰረዝ «ይህ ብሎክ ተሽሯል» የሚል ቃል አብሮ ይሰፍራል፤ ሁለተኛው ንባብ እነዚህን ሽረቶች ይሰበስባል። የማይደገመውን ሳያውቁ መድገም እንደማይቻል ያሰቡበት ነገር ነው።

እዚህ ድረስ የሚያነብ ሰው ጆርናል ካለ ምን አሳሳቢ ነገር አለ ሊል ይችላል። እኔም እንደዚያ ብዬ ለደንበኛ ነግሬያለሁ፤ ስህተት ነበር። አንድ ክሊኒክ ውስጥ በሚሠራ ፕሮግራም የዕለቱ ቀጠሮ ዝርዝር በአንድ ፋይል ይቀመጥ ነበር። ፕሮግራሙ ፋይሉን ጠዋት ከፍቶ እስከ ማታ አይዘጋውም፤ አዲስ ሰው ሲመዘገብ ያለውን ባዶ ያደርግና ሁሉንም እንደገና ይጽፋል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። ስደርስ ሰርቨሩ በሰላም ተነሥቶ ነበር፤ ፋይሉ በስሙ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ፈቃዱ ልክ ነው። መጠኑ ዜሮ ነው።

«ሲስተር፣ መብራቱ ሊሄድ ሲል ሰው እየመዘገቡ ነበር?» አልኳቸው መዝጋቢዋን ነርስ።

«አዎ ወንድሜ፣ አንዷን ጽፌ ሳልጨርስ ነው ድርግም ያለው።»

የሆነው ይህ ነው። ፋይሉን ባዶ ማድረግ የአይኖድ ለውጥ ስለሆነ በሰከንዶች ውስጥ ማኅተም አርፎበታል። አዲሱ ጽሑፍ ግን ገና ሜሞሪ ላይ ነበር፤ ኤክስት4 ለዳታ ዲስክ ላይ ቦታ የሚመርጠው ዘግየት ብሎ ነው፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሊያቆየው ይችላል። ጆርናሉ ቃሉን ጠብቋል። የሚጠብቀው የመደርደሪያውን ሥርዓት ነው፤ ካርዱ ላይ ምን እንደተጻፈ እንዲጠብቅ ያዘዘው ሰው አልነበረም። ማዘዣው ኤፍሲንክ ይባላል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ አንድም ቦታ አልጠራውም።

ማስተካከያው አድካሚ አይደለም። አዲሱን ዝርዝር በሌላ ስም መጻፍ፣ ኤፍሲንክ ብሎ ዲስኩ ላይ እስኪያርፍ መጠበቅ፣ ከዚያ በአሮጌው ስም መተካት። ስሙ ከአሮጌው ቁጥር ወደ አዲሱ የሚዞረው በአንድ ማኅተም ውስጥ ስለሆነ መብራት መቼም ይሂድ ወይ የበፊቱ ሙሉ ዝርዝር ይገኛል ወይ አዲሱ። ይህም የሚሠራው ዲስኩ እውነቱን ሲናገር ነው፤ ገና በራሱ ሜሞሪ የያዘውን ጻፍኩ ብሎ የሚመልስ ርካሽ ዲስክ አጋጥሞኛል፤ እንዲህ ያለውን ለታካሚ መረጃ አልገጥምም።

እግረ መንገዴን፣ ዲስኩ ግማሹ ባዶ ሆኖ «ቦታ የለም» የሚል መልእክት ለሚያዩ አንድ ቃል። ኤክስት4 ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ የአይኖዶቹን ብዛት ይወስናል፤ በተለመደው መጠን ለየ16,384 ባይቱ አንድ ነው፤ 100 ጊጋባይት ላይ 6,553,600 ይሆናል። የላቦራቶሪ ማሽን በየደቂቃው ጥቃቅን ፋይል የሚያፈስስ ከሆነ ቦታው ሳያልቅ ቁጥሩ ያልቃል። ጄኤፍኤስ ግን አስቀድሞ አይወስንም፤ ሲያስፈልገው 32 አይኖድ እያወጣ ይጨምራል።

ወደ ሲስተር ልመለስ። የዚያን ቀን የጠፋውን ዝርዝር እጃቸው ላይ ከነበረው ደብተር መልሰው አስገቡት፤ እኔ ከዲስኩ አንድ ስም እንኳ አላወጣሁላቸውም። ፕሮግራሙ ከተስተካከለ በኋላ እሳቸው እየመዘገቡ ሳለ ሶኬቱን ልንቀለው ብዬ ጠየቅኳቸው። ፈሩ። «ግድ የለም፣ ሲስተር፣ እዚሁ ነኝ» አልኳቸው። አስራ ሰባተኛዋን መዝግበው አስራ ስምንተኛዋን መጻፍ እንደ ጀመሩ ነቀልኩት። ሰካሁት። ስክሪኑ ላይ ጆርናሉን እያነበበ መሆኑን የሚናገረው መስመር መጣ፣ ሁለት ወላጅ አልባ አይኖዶች እንደተለቀቁ የሚለውም ተከተለ። ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን ከደብተሩ ጋር በጣታቸው እየተከተሉ አመሳከሩ። አስራ ሰባቱም አሉ። ደብተሩን ሳይዘጉ እስክሪብቶውን አነሡ፤ አስራ ስምንተኛዋ ሴት ልጇን አዝላ አሁንም መስኮቱ ላይ ቆማ ነበር።