የውቅር ቤተ ክርስቲያን ጠፈርና የላሊበላ መከለያዎች

በግእዝ ጠፈር ማለት ከላይ የተዘረጋው ሰማይ ነው፤ የቤት ጣራም በዚሁ ቃል ይጠራል። ጥገና የሚለው አማርኛ ደግሞ ለፈረሰ ቤት ብቻ ሳይሆን ለተሰበረ አጥንትም ይነገራል፤ ወጌሻ አጥንቱን አገጣጥሞ ያስረዋል፣ አጥንቱም በገጠመ ጊዜ እስራቱን ይፈታዋል። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጣራ ላይ የተደረገው ሥራ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት ሊመረመር የተገባ ነው።

የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጣራ ከግድግዳው የተለየ አካል ነው። በጣና ደሴቶች ካሉት ብዙዎቹ የሣር ክዳናቸውን በቆርቆሮ ለውጠዋል፤ የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ሣሩን እንደ ያዘ ይኖራል። ቆርቆሮው መልክን ቢያጠፋም ግድግዳውን አላፈረሰም፤ የወደደ ሰው ነቅሎ ሣሩን ሊመልስ ይችላል። የአዲስ አበባው መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጉልላትም መዳብ የለበሰ ነው። መዳብ ዝናብና አየር ሲመታው አረንጓዴ ልባስ ያወጣል፤ ይህን እንደ ዝገት ቈጥሮ የሚፍቀው ሰው ጠባቂውን ከላዩ እንደ ገፈፈ ይወቅ። ቢበሳም የተበሳው ገጽ ተነሥቶ በሌላ ይተካል። በደብረ ዳሞ እንኳ እንግሊዛዊው ማቲውስ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1940ዎቹ ዓመታት ጥንታዊውን ቤተ ክርስቲያን ሲያድስ፣ ከእንጨትና ከድንጋይ የተሠራውን አንዱን ግድግዳ እንደ ገና ለመሥራት ችሏል።

በላሊበላ ግን ጣራውም ግድግዳውም ዓምዱም አንድ ዐለት ነው። የሚነቀል ክዳን የለም፤ ጣራው ሲሰነጠቅ የሚሰነጠቀው ቤቱ ራሱ ነው። ዐለቱ ከእሳተ ገሞራ የተገኘና ውኃ የሚመጥ ስለ ሆነ፣ ክረምት ያረጠበውን በጋ እያደረቀው ለብዙ መቶ ዓመታት ቈይቷል።

ይህን ያልመረመረ ሥራ ምን እንደሚያስከትል ቀድሞ ታይቷል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1954 ውኃ እንዳያስገቡ ተብሎ አብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥራንነት ያለው ቀይ ቀለም ተቀቡ። የዐለቱን መልክ የሸፈነውን ይህን ቅብ በ1960ዎቹ መጨረሻ የመጣው ኢጣልያዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ በብዙ ድካም አስለቀቀው። አንዱ ባለሙያ የቀባውን ሌላው ባለሙያ ይፍቅ ዘንድ ዐሥራ አምስት ዓመት እንኳ አልፈጀም። ከዚያም በኋላ በአንዳንዶቹ ላይ የእንጨትና የቆርቆሮ ዳስ ተጣለ። በ2008 ደግሞ በአውሮጳ ኅብረት ገንዘብ በብረት ምሰሶ የቆሙ አራት ታላላቅ መከለያዎች አምስቱን አብያተ ክርስቲያናት፣ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ መስቀልን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን፣ ጋረዱ።

መከለያዎቹ ዝናብን መከልከላቸው አይካድም፤ ይህን የሚክድ ነቃፊ ፍርዱ የቀና አይደለም። ነቀፋው ሌላ ነው። ሲተከሉ ለጊዜው ተብሎ ነበር፤ ወጌሻው ግን አስሮ ሄደ። እስራቱ አጥንቱ እስኪገጥም የሚቈይ ከሆነ፣ በእስራቱ ሥር አጥንቱን የሚያገጣጥም ሊኖር ይገባ ነበር። ከመከለያው በታች ስንጥቁ ሳይደፈን ዓመታት ሲያልፉ፣ ጊዜያዊው ራሱ አሳሳቢ ሸክም ሆነ። ነፋስ ሲነሣ ያ ሁሉ ብረት ቢወድቅ ምን ይተርፋል የሚለው ፍርሃት የከተማውን ሕዝብ በ2018 ለሰላማዊ ሰልፍ አስወጣው። በተከታዩም ዓመት የፈረንሳይ መንግሥት ለጥበቃው እንደሚረዳ ቃል ገባ።

የመልክም ነገር አለ። የቤተ መድኃኔ ዓለም ጣራ ሁለት ወገን ያዘቀዘቀና ቅስት የተቀረጸበት ነው፤ ቀራጮቹ ሰማይ እንዲያየው የሠሩትን ዛሬ የሚያየው የመከለያው ሆድ ነው። ጠፈሩ ከጠፈር ተለየ ማለት ይህ ነው። መከለያ የሌለው ቤተ ጊዮርጊስ ግን ሦስቱን እርስ በርስ የተካተቱ መስቀሎች በጣራው ላይ እንደ ያዘ፣ ዝናቡን በተቀረጸለት መውረጃ ያወርዳል። የጥንቱ ጠራቢ ውኃን ለመሸሽ አልሞከረም፤ መንገድ ሰጠው እንጂ።

ሌላ መንገድ እንዳለ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ታይቷል። በዚያ በ2016 የተፈጸመው ሥራ ጣራውን ራሱን የጠገነ ሲሆን፣ የአገሩ ልጆችም ሙያውን እየተማሩ ሠርተውበታል። ይህ ሥራ እንደ ትልቅ ብረት ከሩቅ አይታይም፤ ለጋሹም ፎቶግራፍ የሚያነሣበት ነገር ጥቂት ነው። ነገር ግን ሲያረጅ ደግሞ የሚሠራው ሰው እዚያው ይገኛል።

እንግዲህ መከለያዎቹ ይነሡ የሚሉ ሰዎች ቅደም ተከተሉን ሊያስቡ ይገባቸዋል። ያልተጠገነ ጣራ በድንገት ቢገለጥ፣ ለዓመታት የደረቀው ዐለት የመጀመሪያውን ክረምት በተከፈተ ስንጥቅ ይቀበላል። በመጋረጃው ሥር የአንዱ ጣራ ስንጥቅ ይደፈን፣ የውኃው መውረጃም ይጠረግ፤ ከዚያ በኋላ የእርሱ መከለያ ይነሣ፤ ወደ ሁለተኛውም ይታለፍ። ምሰሶዎቹ ሲነቀሉ ብረቱ በዚያው ጣራ ላይ እንደ ገና ማለፉ አይቀርምና፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው የሥራው ክፍል ይኸው ነው።