ባለዋሽንቱ እረኛ በዩኒቨርሲቲ ደጃፍ

በጅቡቲ ከተማ በሚደረግ የኢትዮጵያውያን ሠርግ ላይ ዋሽንት ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ከኪቦርድ ነው። ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ይጫንና ድምፁ ይመጣል፤ ትዝታው ይንቆረቆራል፤ እንግዳውም ይተክዛል። እስትንፋስ ግን የለበትም። ሸምበቆ የሚነፋ ሰው በሐረግና በሐረግ መካከል አየር ይስባል፤ ከዜማውም በፊት ስስ የነፋስ ሹክሹክታ ይቀድማል። ይህ ሹክሹክታ ጉድለት አይደለም፤ የመሣሪያው ግማሽ ነው። የፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ሥራ፣ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ባለዋሽንቱ እረኛ» የሚባለው፣ ዛሬ እንደገና ሊደመጥ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው። ሥራውም የደራሲው ሕይወትም አንድ ጥያቄ ያነሣሉና፦ ዋሽንት ወደ ትምህርት አዳራሽ ሲገባ ከእረኛው ምን ይዞ ይገባል? ምንስ ከደጅ ይቀራል?

አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1938 አዲስ አበባ ተወለዱ። በአሜሪካ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1960ዎቹ የቅዱስ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ የሃንጋሪን መንግሥታዊ ኦርኬስትራ ራሳቸው እየመሩ «ባለዋሽንቱ እረኛ»ን አሰሙ። በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ የመሣሪያ ተጫዋች ጥበቡ ይወደድለት እንደ ነበር ሁሉ ሰውየው ይናቅ ነበር፤ «አዝማሪ» የሚለው ቃል ከሙያ ስምነት ይልቅ ለስድብ የቀረበበት ጊዜ ነው። በዚህ መካከል ከብት ጠባቂውን የኦርኬስትራ ድርሰት ባለቤት አድርጎ ማቅረብ፣ ርዕሱንም ከቤተ መንግሥት ሳይሆን ከመስክ መውሰድ፣ በራሱ አቋም ነበር።

ሃንጋሪም ለዚህ ሥራ ባዕድ አገር አልነበረችም። ዞልታን ኮዳይና ቤላ ባርቶክ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የድምፅ መቅጃ ተሸክመው በየገጠሩ ዞረዋል፤ የአገራቸው ጥንታዊ ዜማ እንደ እኛው በአምስት ድምፅ የቆመ መሆኑን አሳይተዋል። የሃንጋሪ እረኛም የራሱ ዋሽንት አለው። አሸናፊን «ጥቁሩ ኮዳይ» ብለው የጠሯቸው ሰዎች ይህን ዝምድና አይተው መሆን አለበት። ሙገሳው ግን በጥንቃቄ መወሰድ ይገባዋል፤ አንድን ደራሲ በሌላ አገር ደራሲ ስም መጥራት ክብርም ልኬትም ነውና።

ድርሰቱ ብቸኛውን ድምፅ ለቫዮሊኖች ሳይሆን ለነፋስ መሣሪያ መስጠቱ ትክክል ነው። የሚነፋው ግን ሸምበቆ ሳይሆን ቁልፍ ያለው የብረት ፍሉት ነው፤ ልዩነቱም የመልክ ብቻ አይደለም። ዋሽንት አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ አለው፤ አራቱ ሲደፈኑ የሚወጣው ድምፅ ሲጨመር አምስት ይሆናል፤ አምስቱም ቅኝቱን ይሞሉታል። ስለዚህ ከትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል መሻገር የፈለገ ባለሙያ ሌላ ዋሽንት ያነሣል፤ ብዙ ዋሽንቶችን በአንድ ላይ ይዞ መዞሩም ለዚሁ ነው። የብረቱ ፍሉት ሁሉንም በአንድ ቧንቧ ይጨርሳል። ያተርፋል፤ ይከስራልም። የፒያኖን ልክ የሚከተል መሣሪያ የአንቺ ሆዬን ጠባብ እርከን ሲደርስ ያቃናዋል፤ የተቃና አንቺ ሆዬ ደግሞ ሆድ አያባባም። በዚያ ላይ እረኛ እስትንፋሱ ባለቀበት ያቆማል፤ በኦርኬስትራ ፊት የቆመ ነፊ ግን የሚያቆመው ዱላው በፈቀደለት ቦታ ነው።

በዚያው አሥር ዓመት ሌላ በር ተከፍቶ ነበር። ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 በአዲስ አበባ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። በኋላ በተስፋዬ ለማ የተመራው ይህ ቡድን ዋሽንትን፣ ክራርን፣ ማሲንቆን፣ በገናንና ከበሮን በአንድ መድረክ አስቀመጠ፤ መጠለያውም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ነበር። እንደ መላኩ ገላውና ዮሐንስ አፈወርቅ ያሉ ዋሽንተኞች የታወቁት በዚህ ቡድን ነው። እዚህ ኦርኬስትራው ራሱ ከሸምበቆውና ከጅማቱ ተሠራ። በአሸናፊ ድርሰት እረኛው የኦርኬስትራው እንግዳ ነው፤ በዚህኛው ባለቤት ነው። የመጀመሪያው በወረቀት ስለ ተጻፈ ማንኛውም የሠለጠነ ፍሉተኛ ሊያነሣው ይችላል፤ የሁለተኛው ጥበብ ግን በተጫዋቾቹ ጆሮና ጣት ውስጥ ነበረና ቡድኑ ሲበተን የቀረልን የተቀዳው ድምፅ ነው። ስለዚህ አንዱን አንግሦ ሌላውን መጣል አይቻልም።

የሚያስቆጨው ለዚህ ችግር የተዘጋጀ መፍትሔ በአገር ውስጥ መኖሩ ነው። የቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት ከአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የራሱ ምልክት አለው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሒደት፣ ቁርጥ። ተማሪው ዜማውን ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ ያጠናል፤ ምልክቱ የሚያውቀውን ያስታውሰዋል እንጂ የማያውቀውን አያስተምረውም። በያሬድ ስም የተጠራው ትምህርት ቤት ግን ዋናውን የንባብ ሥርዓት ከአውሮፓ አምስት መስመር ወሰደ። ጃፓኖች ሻኩሃቺ የተባለውን የቀርከሃ ዋሽንታቸውን ወደ ቶኪዮ የኪነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ ሲያስገቡ የራሱን የጽሕፈት ምልክት አልነጠቁትም። አሸናፊ ይህን ዓለም የማያውቁ ሰው አልነበሩም፤ «ኮቱሬዢያ» በተሰኘው ሥራቸው ፍሉትን፣ ክላሪኔትንና ቫዮሊንን ከጃፓኑ ኮቶ ጋር አገናኝተዋል።

እሳቸው ራሳቸው በመጨረሻ የዩኒቨርሲቲ መምህርነቱን ያጸኑት በባዕድ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ በጻፉት ጥናት የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ፤ ስለ አዝማሪና ስለ ክራር የጻፏቸው መጣጥፎች በአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔቶች ታተሙ፤ ከ1980 ጀምሮ በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ1998 እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ ዐረፉ። ስለ እረኛው የጻፉትን ሁሉ እረኛው ሊያነበው በማይችለው ቋንቋ መጻፋቸው የእሳቸው ጥፋት ተደርጎ ባይቆጠርም፣ ዕዳው ግን ዛሬም አልተከፈለም፤ ጥናቶቹን በአማርኛ አሰናድቶ ማሳተም ለአንድ ፋኩልቲ ከባድ ሥራ አይደለም።

ጅቡቲ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልካች ብቻ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርመናውያን ወጣት ሙዚቀኞች፣ «አርባ ልጆች» የሚባሉት፣ ወደ አዲስ አበባ የወጡት በዚህ ወደብና በዚህ ባቡር መንገድ ነው። የነሐሱ መለከት ሲወጣ ሸምበቆው ግን በዚያው መጠን ወደ ባሕሩ አልወረደም። የወረደው በካሴት፣ ቀጥሎም በኪቦርዱ ቁልፍ ነው፤ እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅም ዋሽንትን በዚያ ድምፅ ቢያውቀው አይፈረድበትም።

«ባለዋሽንቱ እረኛ» በዚህ ከተማ መድረክ ላይ ቢቀርብ፣ ብቸኛው ክፍል ለዋሽንተኛ ሊሰጥ ይገባል። ነፊው ዋሽንቶቹን በልካቸው ደርድሮ ከፊቱ ያስቀምጣል፤ ቅኝት ሲለወጥ አንዱን አኑሮ ሌላውን ያነሣል፤ ያ ዝምታም ከዜማው ይቆጠራል። ሸምበቆ ከተበሳ በኋላ እንደ ክር አይወጠርምና ቫዮሊኖቹ ናቸው ጅማታቸውን ወደ እሱ ልክ የሚያጠብቁት ወይም የሚያላሉት።